ፎርፌ የሌለበት መኸር

ያረጋል ይሄይስ ነገር መጀመር ይወዳል፤ መጨረሱን ግን እግዜር ይወቀው። በልጅነቱ ከእናቱ መንደር ማዶ፣ ገደሉን ተሻግሮ፣ የኔታ ክንፈሚካኤል ዘንድ ፊደል ቆጠረ፤ ዳዊት ጀመረ፤ ዳዊቱን ሳይዘልቀው እግሬ አውጪኝ ብሎ ጠፋ። ፈረስ ቤት ወጥቶ አስኳላ ገባ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ እህል ነጋዴ ልሁን ብሎ አቋረጠ፤ ንግዱ አንድ በጋ እንኳ ሳይሞላው ተመልሶ ደብተሩን ያዘ። መሀል ላይ ንብ አነባለሁ ብሎ ቀፎ ሰቅሎም ነበር። ያንን ቀፎ ጉንዳን እንደወረሰው መንደሩ ሲስቅበት ኖሯል። እናቱን አልጣሽን ሰው «ልጅሽ እንደምን አለ?» ሲላት «ደኅና ነው፣ አንድ ነገር ጀምሯል» ትላለች። ሰሚው ይስቃል፤ እሷ ግን አትስቅም። ባሏ ከሞተ ወዲህ በቤቷ ያለው የወንድ እጅ የእሱ ብቻ ነበር።

አሥረኛ ክፍልን እንደ ምንም ከተሻገረ በኋላ ዕጣው ፍኖተ ሰላም ዳር ያለው ላህ ኮሌጅ፣ የእንጨት ሥራ ክፍል ደረሰው። ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት የቀሩበት ጊዜ ነው። መንግሥት ወጣቱን ሁሉ ሙያ ካላስያዝኩ ብሎ ስለተነሣ፣ በየከተማው ጥግ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ኮሌጅ ይበቅል ነበር። ያረጋል መላጊያ ሲገፋ ጥቂት ሰነበተና ሰለቸው። ሻንጣውን ሊያነሣ ልቡ ሸፍቶ ሳለ ኳስ ያዘው። እግሩ ረቂቅ ጨዋታ አያውቅም፤ ቁመት ግን አለው፣ እልህም አለው። ከኋላ ቆሞ አላሳልፍም ካለ፣ አላሳልፍም ነው። የስፖርት መምህሩ ጌታሁን ይህን አይቶ በሁለተኛው ዓመት አምበል አደረገው። በሕይወቱ አምበል ሁን ያለው ሰው የለም፤ ደስ አለው፣ ደስታውንም ለመደበቅ አልሞከረም።

ቡድኑ ግን ቡድን ነው ለማለት ያስቸግር ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሜዳውን የከተማ ክለቦች ስለሚይዙት የኮሌጆቹ ውድድር የሚካሄደው በሥራ ቀን ነው፤ ያውም በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እህሉ ሁሉ እጨዱኝ ውቁኝ በሚልበት ወቅት። ተጫዋቾቹ ደግሞ ከሁለቱ የከተማ ልጆች በቀር የገበሬ ልጆች ናቸው። ነገ ጨዋታ አለ ሲባል ዛሬ ማታ የአንዱ አባት ማጭድ የሚይዝልኝ የለም ና ብሎ ይልካል፤ የሌላው ክምር ዝናብ ሊመታው ነው ይባላል። ጠዋት ጌታሁን ከአራት ልጆችና ከአንድ ጆንያ ማሊያ ጋር የኮሌጁ በር ላይ ተገትሮ ይቀራል። በዚያ መንገድ ላህ ኮሌጅ ባለፈው ዓመት ደጋግሞ ሜዳ ሳይገኝ ቀረና ፎርፌ ተበየነበት፤ ኳስ ሳይነካ ተሸነፈ ማለት ነው። ሌሎቹ ኮሌጆች «እነ አጫጆ» የሚል ስም አወጡላቸው።

በአዲሱ ዓመት መስከረም ላይ ዲኑ ልጆቹን ሰበሰበና ነገሩን ሳያለባብስ ነገራቸው። ዘንድሮ አንድ ፎርፌ ቢመዘገብ ኳሱም ማሊያውም መጋዘን ይገባል፤ የላህ ኮሌጅ ቡድን የሚባል ነገርም ያበቃል። መሸነፍ ትችላላችሁ አለ፤ መቅረት ግን አትችሉም። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ያረጋል ያን ቀን ምሳ አልበላም። ቡድኑ ከፈረሰ እሱም በኮሌጁ እንደማይቆይ ያውቃል፤ ራሱን ያውቀዋል። ይኼንንም ከተውኩ ዕድሜ ልኬን ጀምሮ ተዪ ሆኜ ልቀር ነው ብሎ ፈራ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱን ወደ እልህ ለወጠው። የዓመቱን አምስት ጨዋታዎች፣ በጎል ቢጥለቀለቅም፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ሊጨርስ ቆረጠ።

ዘዴው የመጣለት ለመስቀል ቤቱ በሄደ ጊዜ ነው። በማርያም ቀን ጠዋት ደጅ ላይ ተቀምጦ መንደሩን ሲያይ፣ የትናንቱ ሩጫና ጥድፊያ ሁሉ የለም። በሬው ቆሟል፣ ማጭዱ ተሰቅሏል። በዚያ አገር በታቦት ቀን መሬት የነካ ሰው በረዶ ያመጣብናል ተብሎ በጎረቤት ዓይን ይገረፋል፤ የትኛውም አባት በሚካኤል ቀን ልጁን እጨድ ብሎ አይጠራም። ታዲያ ጨዋታዎቹ ሁሉ በበዓል ቀን ቢውሉ ማን ይቀራል? ያረጋል ብቻውን ሳቀ። ወዲያው ግን ጨዋታስ በበዓል ይፈቀዳል ወይ የሚለው አሳሰበው። ይህን የሚያውቁለት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጠፍቶ የሄደባቸው የኔታ ናቸው።

ገደሉን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ የኔታ ክንፈሚካኤልን ከአቡነ አረጋዊ ደጀ ሰላም አጠገብ አገኛቸውና ጉልበታቸውን ሳመ። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፣ ትዝታቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ስንተኛው መዝሙር ላይ እንዳቆመ ነገሩት። ያረጋል ላብ ላብ አለው። ጉዳዩን ሲነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ ለልደት ገና ሲመታ የኖረ አገር ኳስ ቢመታ ምን አዲስ ነገር አለው አሉ። አንድ ነገር ግን አጠበቁበት፤ ሳያስቀድስ ሜዳ የሚገባ እንዳይኖር። ቀኖቹንም በቃላቸው ቆጠሩለት፦ ኅዳር ሚካኤልን፣ ጽዮንን፣ መድኃኔዓለምን፣ በአታን።

«አረጋዊን ደግሞ እንዳትረሳ» አሉት፤ «በዐሥራ አራት ሣር የሚነቅል ሰው የለም።»

«እሽ የኔታ፣ አልረሳም» አለ ያረጋል።

አልረሳምም። የኮሌጆቹ ተወካዮች ፍኖተ ሰላም ላይ ለመርሐ ግብር ሲሰበሰቡ፣ ጌታሁን ሐሳቡን አቀረበ፣ ያረጋል ከጎኑ ቆሞ አብራራ። ሌሎቹ መጀመሪያ ተገላመጡ። ኋላ ግን የደምበጫው ተወካይ የኛም ልጆች እኮ ያው ናቸው ሲል ሁሉም ተነፈሰ፤ በሽታው የጋራ ኖሯል። ቀኖቹ ተመደቡ። የመጨረሻው፣ ቡሬ ላይ የሚደረገው ጨዋታ፣ ለታኅሣሥ ሚካኤል ታስቦ ሳለ ሜዳው ለሌላ ዝግጅት ተይዟል ተባለ። ያረጋል ነገሩን ቀበል አድርጎ ዐሥራ አራት ይሁን፣ አረጋዊ ነው አለ። ማንም አልተቃወመውም። ሌሎቹ አጥቢያዎች ይህን ቀን ያክብሩት አያክብሩት ግን የጠየቀ የለም፤ እሱም አልጠየቀም።

መኸሩ እንዲህ ተጀመረ። በኅዳር ሚካኤል የላህ ልጆች ከማሊያቸው በላይ ነጠላ አጣፍተው ቅዳሴ ቆሙ፤ ያን ጊዜ ያስቀደሰ ሁሉ ከነጠላው ሥር አረንጓዴ ቁምጣ ሲያይ ፈገግ አለ። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንዱም ሜዳ ላይ ነበሩ፤ ተቀያሪም ነበር። አቻ ወጡ። ጌታሁን እንባው ቀረበ። በጽዮን ደምበጫ ሄደው ተሸነፉ። ጾሙ ከገባ በኋላ ከቅዳሴ ወጥተው ዳቦ በሻይ ቀምሰው ወደ ሜዳ ይሮጡ ነበር፤ በመድኃኔዓለም እንዲያው በሽሮ ጉልበት አንድ ለባዶ አሸነፉ። ግብ ጠባቂው ዘሩ፣ የቡሬ ገጠር ልጅና የያረጋል የልብ ወዳጅ፣ ያን ቀን ሁለት ኳስ በፊቱ መልሶ ከንፈሩ አብጦ ሰነበተ። በበአታ ደግሞ በገዛ ሜዳቸው ተሸነፉ። ማንም አልቀረም። ዲኑ በኮሪደሩ ሲያልፍ ለያረጋል ራሱን ነቀነቀለት። አንድ ጨዋታ ቀረ።

በታኅሣሥ ሚካኤል ያረጋል እናቱን ሊጠይቅ ወጣ። አልጣሽ ስንዴዋን ከጎረቤቷ ከባዬ ጋር አጭዳ ከምራለች። እሷ አንድ በሬ አላት፣ ባዬም አንድ አለው፤ መቀናጆ ናቸው። ያረጋል ተቀምጦ ሳለ እናቱ አውድማው እንደተለቀለቀ፣ የውቂያው ተራዋም ከነገ ወዲያ ዓርብ እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ ቀን በኋላ በሬዎቹም አውድማውም ለሌላ ሰው ተይዘዋል፤ ከጥምቀት በፊት አይመለሱም። ደመናው ደግሞ ሰሞኑን አላማራትም። ደኅና ጊዜ መጣህ አለችው።

ያረጋል ዳቦውን አስቀመጠ። ዓርብ ዐሥራ አራት ነው፤ አረጋዊ እኮ ነው አላት።

«አረጋዊ?» አለች አልጣሽ። «አረጋዊ የማዶዎቹ ነው እንጅ የኛ ነው? በኛ አጥቢያ በዐሥራ አራት መቼ ሥራ ተፈትቶ ያውቃል?»

እውነቷን ነው። ገደሉ ማዶና ማዶ ያደረጋቸው አጥቢያዎች ቀናቸውም ማዶና ማዶ ነው። ያረጋል የልጅነቱን ዐሥራ አራት ሁሉ ያሳለፈው በየኔታ ደጅ ስለነበር፣ ዓለም በሙሉ የሚያርፍ መስሎት ኖሯል። ፊቱ ተቃጠለ። ወዲያው ደግሞ ሌላው ነገር ታየው፤ የልጆቹ ሁሉ መንደር ይኸው ከሆነ ዓርብ ቡሬ ማን ሊመጣ ነው? ቡድኑን በገዛ እጁ፣ በገዛ አዋቂነቱ ሊያፈርሰው ነው።

ነገሩን ሁሉ ለእናቱ ዘረገፈላት፤ የዲኑን ቃል፣ የመጨረሻውን ጨዋታ፣ ስህተቱን። ሲጨርስ ትከሻው ወረደና እቀራለሁ አላት። ስንዴው ይበልጣል፣ ኳሱ ይቅር፣ ለጌታሁን እልክበታለሁ። እንዲህ ሲል በልቡ ውስጥ የቆየ እፎይታ ተሰማው፤ ነገር መተው የሚያመጣውን ያን ቀሊል እፎይታ። ከመቼውም ይልቅ ራሱን የጠላው ያን ጊዜ ነው።

አልጣሽ ተነሥታ ወጣች። ጥጃዋን አስራ፣ ደጁን ዞራ፣ ሰማዩን አይታ ተመለሰች። ተቆጥታለች። ቁጣዋ ግን እሱ ባሰበው በኩል አልነበረም።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «ዳዊቱን ጀመርህ፣ ተውህ። ንቡን ጀመርህ፣ ተውህ። ሁሉን ስትተው ሰበቡ እኔ ነበርሁ፤ እናቴ ብቻዋን ናት፣ እናቴ ተቸገረች እያልህ። አሁን ደግሞ ስንዴየን ሰበብ ልታደርገው? ስንዴው የኔ ነው፤ ቢበሰብስም የኔ ነው። ያ የጀመርኸው ግን ያንተ ነው። ሂድ።»

«እማ፣ ከባዬ ጋር ብቻችሁን አትችሉትም እኮ።»

«አንችለውም» አለች አልጣሽ። «ሂድ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ሄደ። ወደ ኋላው እያየ ነው የሄደው፤ አንዴ ሳይሆን በየመታጠፊያው። ፈረስ ቤት ከጭነት መኪና ላይ ተሰቅሎ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ የፈራው ጠበቀው፤ የልጆቹ ግማሽ ያህል ወደየቤታቸው ተጠርተዋል። እሱና ጌታሁን የቀሩትን በየዶርሙና በየመንደሩ እየዞሩ ለመኑ። ያረጋል ለአንዱ አባት የእኔ እናት ስንዴ ነገ ነው የሚወቃው፣ እኔ ግን እሄዳለሁ አላቸው። ሰውየው ትንሽ አስበው ልጃቸውን ለቀቁለት። የሌላው አባት ግን ፊት ነሱት፤ እሱም አልፈረደባቸውም።

ዓርብ ዕለት ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የተነሡት ዘጠኝ ነበሩ። ጌታሁን ጨዋታው እንዲራዘም ቡሬ ስልክ ልደውል ሲል ያረጋል አስቆመው። መራዘም የሚባል ደንብ የለም፤ ከሰባት በታች እስካልሆኑ ድረስ ግን ደንቡ ቡድን ይላቸዋል። ዘጠኝ ሰባትን ይበልጣል አለ። ልጆቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ፍርሃት ያለበት ነበር። ለየኔታ በገቡት ቃል መሠረት ቡሬ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው አስቀደሱና ወደ ሜዳ ወረዱ።

የቡሬ ቡድን የዓመቱ አንደኛ ነው። ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞልቷል፤ ዘጠኝ ልጆች ሲገቡ ሲያይ ተንጫጫ፣ አንዱም የቀሩት ማጭድ ሊያመጡ ነው ወይ አለ። ከዕረፍት በፊት ሦስት ጎል ገባባቸው። ዘሩ ኳስ ከመረቡ ባወጣ ቁጥር ወደ ያረጋል ያያል፤ ያረጋልም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እጁን ያጨበጭባል። ከዕረፍት በኋላ አንዱን ልጅ ባቱ ጨመደደው፤ ከጠዋት ጀምሮ የቀመሰው ቁራሽ ዳቦ ብቻ ነው፤ ተሸክመው አወጡት። ሌላው ከቡሬው አጥቂ ጋር ተጋጭቶ አፍንጫው ደማና አልቆም አለ። ሰባት ቀሩ።

ዳኛው ያረጋልን ጠራው። አንድ ሰው ተጨማሪ ከወጣ ፊሽካዬን ነፍቼ አቆማለሁ፣ በፎርፌም ይመዘገባል አለው። ጌታሁን ከመስመሩ ዳር ይህን ሰምቶ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ያረጋል ወደ ልጆቹ ዞሮ ኳስ ተዉ፣ እግራችሁን ብቻ ጠብቁ፣ ማንም እንዳይጎዳ አላቸው። እንዲህ ያለ ምክር የሰጠ አምበል በዚያ ሜዳ ታይቶ አይታወቅም። ብዙም ሳይቆይ ግን ምክሩን ራሱ ጣሰው። የቡሬው ግዙፍ አጥቂ ብቻውን ወደ ዘሩ ሲገሰግስ፣ ያረጋል እንደ ልማዱ አላሳልፍም ብሎ ገባ። ኳሱን አወጣው። ቁርጭምጭሚቱ ግን ከሥሩ ታጠፈ።

ሕመሙ እስከ ጥርሱ ወጣ። ተዘርግቶ ሳለ ሰማዩን አየ፤ ከፈረስ ቤት በኩል ጥቁር ደመና ተቆልሏል። አውድማው ታየው። እናቱ ሰማዩን ቀና ብላ ስታይ፣ ባዬ በሬዎቹን ሲያቻኩል ታየው። ይኼን ጊዜ እዚያ መሆን ነበረብኝ ብሎ አንጀቱ ተቃጠለ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ ልውጣ ትላለህ ብሎ ጠየቀው። ዘሩ ሮጦ መጥቶ ከጎኑ ተንበርክኳል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«አንሣኝ» አለው ያረጋል። «እግሬ ባይረዳኝም ቁጥር ነኝ።»

ዘሩ በብብቱ ይዞ አቆመው። ያረጋል አንድ እግሩን አንጠልጥሎ እየዘለለ ወደ ጎሉ ቋሚ ሄደና በእጁ ያዘው። ከዚያ ወዲያ እሱን አልፎ ለመሄድ ሩጫ አያስፈልግም፤ የቡሬ ልጆችም አለፉት። አራተኛ ገባ፣ አምስተኛም፣ ስድስተኛም። ጥርሱን ነክሶ ቆመ። የሚያሾፈው ተመልካች ቀስ በቀስ ዝም አለ፤ ነገሩ ገብቶት ይሁን አዝኖለት አይታወቅም። ደመናው በቡሬም ላይ ጠቆረ፣ ካፊያ ጀመረ። ከሁሉ ጨዋታ ይልቅ ይኼኛው ለያረጋል የረዘመበት፣ ሜዳውና አውድማው ላይ በአንድ ጊዜ ቆሞ ስለዋለ ነበር።

ፊሽካው ሲነፋ የላህ ልጆች እየጮሁ ወደ ጎሉ ሮጡ። ስድስት ለባዶ የተሸነፈ ቡድን አምበሉን ትከሻ ላይ አውጥቶ ሲጨፍር ቡሬ ምን ነካቸው ብላ አፏን ይዛ ቀረች። ጌታሁን ያለቅስ ነበር፤ ዳር ያሉትን ሁሉ አልቀረንም፣ አልቀረንም ይላቸዋል። የቡሬው አምበል መጥቶ የያረጋልን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ያረጋል ከትከሻ ላይ ሆኖ ሳቀ፣ ዓይኑ ግን ወደ ደመናው ነበር።

እግሩ አብጦ ሁለት ቀን ፍኖተ ሰላም ተኛ። ሰኞ ዕለት ዱላ ተመርኩዞ፣ ከፈረስ ቤት ወዲያ ያለውን መንገድ መጎዳቱን ሰምቶ ባዬ በላከለት በቅሎ ወጣው። ወደ አውድማው ሲቃረብ ከሩቅ ጠረኑ ነገረው፤ የረጠበ ገለባ ጠረን። ዝናቡ ዓርብ ማታ ግማሹ ሳይወቃ ደርሶባቸዋል። የተወቃው ጎተራ ገብቷል። የቀረውን አልጣሽ በጀንዲ ቁርበትና በስልቻ ላይ በትና፣ ለማዳን እየለየች ነበር። ከፊሉ ጠቁሯል። ያ ለዘር የታሰበ ስንዴ እንደነበር ያረጋል ያውቃል። ይቅር በይኝ ሊል ጠጋ አላት።

አልጣሽ ቀና ብላ እግሩን አየች፣ ዱላውን አየች። ማን አሸነፈ ብላ አልጠየቀችውም።

«ጨረሳችሁት?»

«ጨረስነው፣ እማ።»

አጠገቧ የቆመውን የውቂያ መንሽ አንሥታ በዱላው ፈንታ እጁ ላይ አስያዘችው።

«እንግዲያ ና» አለችው፣ «ይኼንንም እንጨርስ።»